ፈቃደ የመረጠው ዘፈን

ናይሮቢ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት እህቴ ለእትዬ ሠርካዲስ፤

የልደታዋ እመቤት ከነቤትዎ ትጠብቅዎት። እንደምን ከርመዋል? አክስቴ እማማ የሺሀረግስ እንዴት ናቸው? በክረምቱ ሕመማቸው ጠንቶባቸው አልጋ መያዛቸውን ከሰማሁ ወዲህ ሐሳብ ላይ ነኝ። እኛ በዚህ በኩል ደህና ነን፤ ባለቤቴም ልጆቹም ጉልበትዎን ይስማሉ።

«ስልኩ ይቅርና ጻፍልኝ» ስላሉኝ ይኸው በምሳ ሰዓት ቢሮዬ ውስጥ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ደብዳቤ ከጻፍኩ ብዙ ዘመኔ ነው። አማርኛዬ ከተወላገደ እንደ ልጅነቴ በቀይ እስክሪብቶ አርመው ይመልሱልኝ።

የምሥራች አለኝ። ትልቋ ልጄ ጊፍቲ በጥር ትሞሸራለች። ልጁ ሮቤራ ይባላል፤ ወላጆቹ የነቀምት ሰዎች ናቸው፣ እሱ ግን እንደ እሷ እዚሁ ነው ያደገው። ጨዋ ልጅ ነው፤ ጉድለቱ ሙዚቃ ላይ ብቻ ነው። እነሱ የሚሰሙትን እኔ አልችለውም፤ እኔ የምሰማውን እነሱ የጥርስ ሐኪም ቤት ሙዚቃ ይሉታል። ተከራክረን ተከራክረን፣ በሠርጉ ላይ አንድ ሰዓት ለእኔ ሊለቁልኝ ተስማሙ።

ለዚህ ብዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ኢስሊ የሚባል ሰፈር እሄዳለሁ። እዚያ ጃርሶ የሚባል የአገራችን ሰው የድሮ ካሴት ይሸጣል። ድሮ ወታደር ነበር፤ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በሞያሌ ተሻግሮ እዚሁ ቀረ። ሱቁ ከቁም ሣጥን አይሰፋም። አንዱን ካሴት አስገብቶ ሲያጫውትልኝ አቶ ደገፋ ቤት ያለሁ ይመስለኛል። ቅዳሜ ማታ በራቸው ላይ ተሰልፈን፣ ባለቤታቸው እግራችን መታጠቡን አይተው አንድ በአንድ ሲያስገቡን፤ አቶ ደገፋ የቴሌቪዥኑን ሣጥን እንደ ካዝና በቁልፍ ሲከፍቱት፤ ከዚያ ያቺ ቀይ ቀሚስ የምትለብሰው ዘፋኝ፣ ከኋላዋ አንድ ዓይነት ሱፍ የለበሱት የኦርኬስትራ ሰዎች። ዘፋኞቹ እንደ ዛሬ አይዘሉም ነበር። ማይክራፎኑ ፊት ቆመው፣ እንደ ሰው እያዩን ይዘፍናሉ።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በ1981 ጥር ላይ፣ እኔ ለትምህርት ተልኬ እናንተ ዘንድ ስኖር፣ ወንድምዎ ፈቃደ ከግንባር ሆኖ በራዲዮ የሙዚቃ ምርጫ ዘፈን ጋብዞን ነበር። የእኔም ስም ተጠርቷል። ስሜ በራዲዮ ሲጠራ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ የመጨረሻዬም ነው። ዘፈኑ ግን ከነዜማው ጠፍቶብኛል። የቱ ነበር? በጊፍቲ ሠርግ መጀመሪያ እሱን ላሰማ አስቤአለሁ። እማማ እስከ ዛሬ ይመጣል እያሉ የሚጠብቁት ሰው ቢያንስ በድምፅ ሠርጋችን ላይ ይገኝ ብዬ ነው።

እማማን ጉንጫቸውን ይሳሙልኝ። መልስዎን በጉጉት እጠብቃለሁ።

ታናሽዎ ሰላሁን


ልደታ፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሰላሁን፤

ለአንተ፣ ለባለቤትህና ለልጆችህ እግዚአብሔር ጤናና ሰላም ያድልልኝ። ለጊፍቲ የመረቅኩትን ምርቃት ብጽፈው ገጹ አይበቃም፤ አንተ ጨምረህ ንገራት። እማማ ደህና ናት፣ ማለትም ትተነፍሳለች፣ ትቆጣለች። የምትበላው ግን ከወፍ አይበልጥም።

ይህን የምጽፍልህ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ ትርንጎ አቤቱታ በምትጽፍበት ክፍል ሆኜ ነው። ትርንጎ አብራኝ የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበረች፤ ጡረታ ስንወጣ እኔ ቤት ገባሁ፣ እሷ ኮምፒውተር ገዛች። ባለጉዳይ ሲያጥር ታስቀምጠኛለች፤ የጻፍኩትንም በኢሜይል ትልክልኛለች። እጄ በልማድ «ለተከበረው ፍርድ ቤት» ብሎ ጀምሮ ነበር፤ አጥፍቼዋለሁ።

ቀይ ቀሚስ ያልካትን ዘፋኝ ሳነብ ሳቄ መጣ። የአቶ ደገፋ ቴሌቪዥን እኮ ጥቁርና ነጭ ነበር። ቀዩን ከየት አመጣኸው? ይልቅ መብራት ሲጠፋ ሁላችሁም በአንድ ድምፅ «ኡ» ስትሉ ትዝ ይለኛል። አቶ ደገፋ ግን አንዳችሁንም አያስወጡም ነበር፤ «ይመጣል፣ ቁጭ በሉ» እያሉ በጨለማ ያቆዩአችኋል። ስንቱ ልጅ እዚያው እንቅልፍ ወስዶት በጀርባ ተሸክመን አውጥተናል፤ አንደኛው አንተ ነህ።

የእኔ ነገር ግን ካሴት ነው። አብነት ሰፈር አንድ ሙዚቃ ቤት ነበረ፤ ባዶ ካሴት ይዘን እንሄዳለን፣ የምንፈልጋቸውን ዘፈኖች ለሚቀዳው ልጅ እንነግረዋለን፣ ቀድቶ በሳምንቱ ይሰጠናል። ልጁ ለካሴት ርዝመት ግድ የለውም፤ የመጨረሻው ዘፈን ሁልጊዜ መሐል ላይ ይቆረጣል። ዛሬ ታክሲ ውስጥ ያን ዘፈን ስሰማ እዚያው ቦታ ላይ ልቤ ያቆማል፤ ዘፈኑ ሲቀጥል የሌላ ሰው ይመስለኛል። ባትሪ ሲደክም ፀሐይ ላይ እናሰጣው ነበር፤ ወደ ኋላ የምናጠነጥነውም ባትሪው እንዳያልቅ በእስክሪብቶ ነው። ፈቃደ ጣቱ ረጅም ስለነበረ በትንሽ ጣቱ ያጠነጥነዋል።

ያ ሁሉ ጎረቤት ዛሬ የለም። አቶ ደገፋ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ ባለቤታቸው አርፈዋል። በኛ ረድፍ ከድሮ ሰው የቀረነው እኔና እማማ ነን። ልደታ ግን ደወሏ ያው ነው፤ የፍርድ ቤት ባለጉዳይም አይጎድልም።

ባለጉዳይ መጣ፣ ልነሳ ነው። ሠርጉ ያማረ ይሁን። ስለ ዘፈኑ ብለህ ደግሞ፣ ደጋግሜ እንዳልኩህ፣ ስልክ አትደውል።

እህትህ ሠርካዲስ


ናይሮቢ፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ ሠርካዲስ፤

እንደምን አሉልኝ? ደብዳቤዎን ለጊፍቲ እየተረጎምኩ አነበብኩላት፤ በባትሪው አልሳቀችም፣ «ፀሐይ ላይ ከተሰጣ በእርግጥ ይሠራል?» ብላ ጠየቀችኝ። ቀዩን ቀሚስ በተመለከተ ተሸንፌአለሁ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ሙሉ ቀይ ነበር፤ ይኸው ዛሬ ቀለሙን ነጠቁኝ።

ነገር ግን የጠየቅኩዎትን አልመለሱልኝም። ረስተውት ይሁን ወይም ባለጉዳይ አቋርጦዎት አላውቅም። ስለ ዘፈኑ ለጃርሶም ነግሬው ነበር፤ የዘመኑን ካሴቶች አንድ በአንድ እያጫወተ «ይሄ ነው? ይሄ ነው?» ቢለኝ ሁሉም ይመስለኛል፣ አንዱም አይደለም።

በዚሁ ጨዋታ ላይ ሳለን ጃርሶ አንድ ነገር ነገረኝ። ደስ ይልዎት እንደሆነ ብዬ ልጻፈው። እነሱ ግንባር ሳሉ የሙዚቃ ምርጫ ወረቀት የሚላከው በየግሉ አልነበረም አለ። ከየጦሩ ተሰብስቦ፣ ቦርሳ ሲሞላ፣ የሚሄድ መኪና ሲገኝ ይላካል። ስለዚህ ሁሉም አስቀድሞ ነው የሚጽፈው። ለእንቁጣጣሽ የሚፈልግ በሰኔ ይጽፋል፤ ለእህቱ ሠርግ የሚፈልግ ቀኑን ከላይ ያሰምርበታል። የጃርሶ እናት የሱን ምርጫ ሰምተው ለጎረቤት ጠላ ሲያድሉ፣ እሱ ሆስፒታል ተኝቶ ራሱን አያውቅም ነበር።

እማማ ፈቃደ በሕይወት አለ የሚሉት መርዶው ከመጣ በኋላ ስሙ በራዲዮ ስለተጠራ አይደል? እንግዲያው ያ ወረቀት ከመርዶው በፊት ተጽፎ ይሆናል ማለት ነው። እንዲህ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው ስላልነበረ ይሆናል። ቀስ ብለው ቢነግሯቸው ልባቸው ያርፍ ይሆን?

ድፍረት ከሆነብኝ ይቅርታ። እማማን ይሳሙልኝ፤ ዘፈኑንም አይርሱብኝ።

ታናሽዎ ሰላሁን


ልደታ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሰላሁን፤

ሰላም ለአንተና ለቤተ ሰብህ ይሁን። መልስ ዘገየብህ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለቱንም አጥፍቻለሁ፤ ትርንጎ «ይግባኝ ነው እንዴ የምትጽፊው?» እስክትለኝ ድረስ።

ጃርሶ የነገረህን አውቃለሁ። ያን ጊዜም አውቀው ነበር። አቶ ደገፋም ያውቃሉ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። የማታውቀው እማማ ብቻ ናት፤ ደፍሮ የነገራት የለም። አንተ ልጅ ነበርክ፣ በ1983 ደግሞ አባትህ መጥቶ ሞያሌ ወሰደህ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

በ1981 ኅዳር እማማን ቀበሌ ጠሯት። ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ከወረቀት ላይ አነበበላት፣ ሌላው ውኃ ሰጣት። ሐዘን ተቀመጥን። የእኔ ሠርግ ለጥር 14 ተቆርጦ ነበር፤ ቀረ። ሒሳብ ያስጠናህ የነበረውን መምህር ፍሬምናጦስን ታስታውሰዋለህ። እጮኛዬ እሱ ነበር። «ዓመቱ ይውጣና እናገባለን» አለኝ፤ ክፉ ነገር አልተናገረም።

ጥር 14 እሁድ ነበር። አርባው አልፏል፤ አቶ ደገፋ ለእኛ ሐዘን ሲሉ ዘግተውት የነበረውን ራዲዮ ዝቅ አድርገው ከፍተውታል። ግድግዳችን አንድ ስለሆነ ይሰማል። እኔ ልብስ እያጠብኩ ነው። በሠርጌ ቀን ልብስ እያጠብኩ፣ አስተዋዋቂው «ከሰሜን ግንባር አሥር አለቃ ፈቃደ» ሲል ሰማሁ። ለእናቱ ለወይዘሮ የሺሀረግ፣ ለአጎቱ ልጅ ለሰላሁን፣ በተለይም በዛሬው ዕለት ለምትሞሸረው እህቱ ለሠርካዲስ፣ ትዳርሽ የአብርሃምና የሣራ ይሁን አለ።

ቀኑ እንደተቆረጠ በመስከረም ጽፌለት ነበር። አስቀድሞ የላከው መሆኑ እዚያው ሳፋው አጠገብ ቆሜ ገባኝ፤ ለሠርጌ አስቦ፣ ቀኑን ጽፎ፣ ልኮ፣ ከዚያ ሞቷል። እማማ ግን እልል አለች። ጥቁሯን እንደለበሰች እልል አለች። ጎረቤት ሮጦ ገባ፣ አንተ ትዘላለህ፣ ሰው ይሳሳማል፣ የአቶ ደገፋ ባለቤት ያለቅሳሉ። ዘፈኑን የሰማ የለም። ሁላችንም ግድግዳው አጠገብ ቆመን አንዳችንም አልሰማነውም። ለጥያቄህ መልሱ ይኸው ነው፤ ፈቃደ የትኛውን ዘፈን እንደመረጠልኝ አላውቅም። ጠይቀኸኝ የተውኩት ረስቼ አይደለም።

እማማ በማግስቱ ጥቁሯን አወለቀች። «የሞተ ሰው የእህቱን ሠርግ ቀን አይቆጥርም» አለች። አንዱ ወረቀት ሞቷል አለ፣ ሌላው ወረቀት ይዘፈንልኝ አለ፤ እሷ የምትፈልገውን መረጠች። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚህ ቤት ለፈቃደ ማልቀስ ክልክል ነው። አንድ ጊዜ ጓዳ ውስጥ ሳለቅስ ሰምታኝ «በቁሙ ታሟርችበታለሽ?» ብላ ሦስት ቀን አላናገረችኝም።

ሠርጌን በተመለከተ፣ «አባትሽ የለም፤ የሚድርሽ ታላቅ ወንድምሽ ነው፤ መጥቶ ይድርሻል» አለች። ፍሬምናጦስ ጠበቀ። በ1983 ሠራዊቱ ተበትኖ ወታደሩ በእግሩ ከተማ ሲገባ እማማ በየቀኑ ልደታ መንገድ ዳር ትቆም ነበር። አንዳንዱን ክንዱን ይዛ ፊቱን አዙራ ታየዋለች። እነሱም ዝም ብለው ይታዩላት ነበር፤ አንዱም አልተቆጣትም። ያ ሁሉ ሰው አልፎ ሲያልቅ ፍሬምናጦስ «አሁንስ?» አለኝ። እኔ ማግባት የምችለው «ፈቃደ ሞቷል» ካልኩ ብቻ ነበር። ለእናቴ ይህን ማለት አልቻልኩም። በ1985 ሌላ አገባ፤ አልፈረድኩበትም። ከብዙ ዓመት በኋላ በጉዳይ ፍርድ ቤት መጥቶ ተያየን። «ሠርካዲስ» አለኝ፤ «አቤት» አልኩ። ወረፋው ደረሰና ገባ።

አሁን ስለምፈልገው ነገር ልጻፍልህ። እማማ ከዚህ አልጋ የምትነሳ አይመስለኝም። የንስሐ አባታችንም መጥተው አይተዋት ሲወጡ በር ላይ ቆመው ይህንኑ ነገሩኝ። ከዚያ እሁድ ጀምሮ ለወንድሜ አንድ ቀን ጮክ ብዬ አላለቀስኩለትም። ቤተ ክርስቲያንም ከዚያ ወዲህ ስሙ ከሙታን ጋር ተጠርቶ አያውቅም፤ ሙት ዓመት የለው፣ ተዝካር የለው። እሷ እንዲህ እንዳለች ከሞተች ያን ሐዘን ብቻዬን እቀመጠዋለሁ። አልፈልግም። ከእናቴ ጋር ማልቀስ እፈልጋለሁ። ስለዚህ መርዶ እንደገና ይነገራት፤ እንደ ወጉ፣ በማለዳ፣ በዘመድ አፍ። የሥጋ ዘመድ ወንድ የቀረን አንተ ብቻ ነህ። ና።

ስልክ አትደውል የምልህም ለዚህ ነው። ቤታችንን ታውቀዋለህ፤ በአልጋዋና በስልኩ መካከል መጋረጃ ብቻ ነው ያለው።

እህትህ ሠርካዲስ


ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሠርካዲስ፤

እግዚአብሔር ያጽናዎት። ሌላ ሰላምታ ከየት እንደማመጣ አላውቅም። ያን ቀን ስዘል የነበርኩት እኔ መሆኔን ሳነብ ቢሮዬን ዘግቼ ተቀመጥኩ። በልጅነቴ ካየሁት ቀን ሁሉ ደስ ያለኝ ያ እሁድ ነበር። ለልጆቼም እንደ ጨዋታ ስነግራቸው ኖሬአለሁ።

እመጣለሁ። ግን አንድ ነገር ልለምንዎት፤ ከሠርጉ በኋላ ይሁን። የጥሪው ካርድ ታድሏል፤ የሮቤራ ዘመዶች ከነቀምት ሊነሱ ነው። አክስቴን መርዶ አርድቼ፣ እሳቸው ሐዘን ተቀምጠው፣ እኔ እዚህ ከበሮ ላስመታ? ሰውስ ምን ይለኛል? ሠላሳ ስድስት ዓመት የቆየ ነገር አንድ ወር ቢቆይ ምን ይሆናል ብዬ ነው።

እውነቱን ልንገርዎት፤ ፈርቻለሁም። እማማን ፊታቸውን እያየሁ ይህን የምልበት አፍ የለኝም። አሳድገውኛል። ገና ሳልቀመጥ «ፈቃደን በመንገድ አላየኸውም?» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?

ይጻፉልኝ።

ሰላሁን


ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ሠርካዲስ፤

ደህና ነዎት? መልስ አጣሁ። ትእዛዝዎን አፍርሼ ስልክ ብደውል «ደህና ነን፣ እግዜር ይስጥልን» ብለው ዘጉት። ከኋላ የእማማ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ «ማነው?» ሲሉ። እርስዎ «የተሳሳተ ነው» ሲሉም ሰማሁ።

የጻፍኩት አሳፍሮኛል። አንድ ወር ቢቆይ ምን ይሆናል ያልኩት የማን ወር እንደሆነ ሳላስብ ነው። ስለዚህ ወስኛለሁ፤ ሠርጉን ወደ ፋሲካ ማግስት እናራዝመውና አሁኑኑ ልምጣ። ለጊፍቲ ስለ ፈቃደ ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም፣ አልተቃወመችም። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለስፌት የተሰጠው ቀሚስ ይጠናቀቅ ወይስ ይቆይ?

አንድ ቃል ይጻፉልኝና ቲኬት እቆርጣለሁ።

ሰላሁን


ልደታ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሰላሁን፤

አስቀድመህ ጊፍቲን ጥራና ቀሚሱ ይጠናቀቅ በላት። ሠርጉ በተቆረጠበት ቀን ይሆናል። ታላቅህ ነኝ፤ ይህን የምልህ ለምክር አይደለም። የፈቃደ ሐዘን አንድ ሠርግ አስቀርቷል፣ ሌላ አያስቀርም። የዕድሩ ዳኛ አቶ ደገፋ ናቸው፤ እሳቸውም «ይህን የሚነቅፍ ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ» ብለዋል። ከበሮውም ይመታ። ስልኩንም ስለዘጋሁብህ አትዘንብኝ።

አንተን ግን አልጠበቅንህም። እማማ ምግብ ተወች፤ ውኃ በማንኪያ ነው የምትወስደው። ባለፈው ሳምንት ሰንጋ ተራ ሄጄ አቶ ደገፋ ዘንድ ገባሁ። አርጅተዋል፤ ትልቅ ቀጭን ቴሌቪዥን ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ብቻቸውን ያያሉ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ድምፁን ዘጉት። «ያን ራዲዮ ባልከፍተው ኖሮ እላለሁ፤ እሁድ በመጣ ቁጥር ይቆጨኛል» አሉኝ። ራስዎን አይውቀሱ ብዬ ለመንኳቸው። «ሰላሁን እስኪመጣ አንጠብቅ፤ እኔ እነግራታለሁ» አሉ።

ሐሙስ በማለዳ መጡ። አቶ ደገፋ፣ የንስሐ አባታችን፣ ትርንጎ፣ ከዕድሩም ጥቂት ሰዎች። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገብተው በዙሪያዋ ተቀመጡ። እንደ ወጉ ማንም ሰላም አላለም። እማማ ነቅታ ነበር፤ አንድ በአንድ ካየቻቸው በኋላ «ማን ሞተ?» አለች።

አቶ ደገፋ «ወይዘሮ የሺሀረግ፣ ፈቃደን እግዚአብሔር ወስዶታል» አሏት።

ትጮሃለች፣ ታባርረናለች ብዬ የአልጋውን ጠርዝ ይዣለሁ። እሷ ግን ቀስ ብላ እሳቸውን አየቻቸው። «የዚያን ጊዜ ቀበሌ የነገሩኝ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው» አለች። «ራዲዮው ከተናገረ ወዲህ ከእናንተ አንዳችሁ እንኳ ሞቷል አላላችሁኝም። እናንተ ዝም ካላችሁ አለ ማለት ነው ብዬ ነው የኖርኩት። ከእናንተ አፍ ነበር የምጠብቀው።»

ሰላሁን፣ እኛ አዝነንላት ዝም አልን፤ እሷ ዝምታችንን ይዛ ኖረች። አቶ ደገፋ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ የንስሐ አባታችን እያለቀሱ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ።

ከዚያ አለቀሰች። ያን አቅም ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፤ በማንኪያ ውኃ የምትጠጣ ሴት ቤቱን የሚያናውጥ ጩኸት ጮኸች። «ፈቃደ» እያለች፣ የልጅነት ስሙን እየጠራች፣ ጣቱን፣ ቁመቱን፣ ኮቴውን እያነሳች። እኔም ጮህኩ። እንደዚያ መጮህ እንደምችል አላውቅም ነበር። ከቤታችን አጠገብ በተሠራው አዲስ ፎቅ ያሉት ሰዎች ዛሬ የሞተ መስሏቸው ወርደው መጡ፤ ማንም አላረማቸውም፤ ተቀምጠው አብረውን አለቀሱ። እሁድ ልደታ ፍትሐት ተደርጎለት ስሙ ከሙታን ጋር ተጠርቷል። እኔ ሄጄ ቆሜ ሰምቻለሁ።

ሐሙስ ዕለት ግን ለቅሶው ትንሽ ሲበርድ፣ እማማ «ስንት ዓመት ሆነው?» ብላ ጠየቀች። አቶ ደገፋ «ሠላሳ ስድስት» አሏት። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆየች፤ ስትቆጥር ነው መሰለኝ። ከዚያ ዞራ አየችኝ። እንዲህ አድርጋ ያየችኝ መቼ እንደሆነ አላስታውስም፤ ፀጉሬን አየች፣ እጄን አንስታ አየችው።

«አንቺስ?» አለችኝ፤ «አንቺ አሁን ስንት ዓመትሽ ነው?»

«ስልሳ ሁለት» አልኳት።

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመረች። ለቀስተኛው ሁሉ ለፈቃደ መስሎት አብሯት አለቀሰ። እኔ ግን አጠገቧ ስለነበርኩ ይሰማኝ ነበር፤ የምትጠራው የኔን ስም ነው።

እህትህ ሠርካዲስ